ባለይዞታው ማነው?
ስለ ኢንተርኔት የስም መዝገብ አነባበብ

«ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው» ብሎ መሸሽ በእኛ በአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ዘንድ ልማድ ሆኗል። የኮምፒዩተር ነገር በተነሣ ቁጥር የቋንቋ፣ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ወንበራችንን ወደ ኋላ ስበን ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች ቦታ እንለቃለን። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው ግን አንድ ትልቅ የኢንተርኔት ጉዳይ ከሥሩ ጀምሮ የቋንቋና የትርጓሜ ጉዳይ መሆኑን ነው። ጉዳዩ የስም መዝገብ ነው፤ ይኸውም በኢንተርኔት ላይ ያለ አንድ ስም በማን እንደ ተያዘ፣ መቼ እንደ ተያዘና እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚናገረው መዝገብ ነው። ይህን መዝገብ አሳስቶ የሚያነብ ሰው ወይ ገንዘቡን ለአታላይ ያስረክባል፤ ወይ የራሱን ስም ሌላው ሲይዝበት ዝም ብሎ ይመለከታል።

አስቀድመን ነገሩን በምናውቀው ነገር እንመስለው። የምዕራብ ዓባያ ገበሬ ሙዝና ማንጎ ለሚተክልበት መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጠዋል። ደብተሩ «ባለይዞታ» ይለዋል እንጂ ባለቤት አይለውም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሏልና። የኢንተርኔትም ስም ጠባዩ እንደዚሁ ነው። ስሙን ያስመዘገበው ሰው ለተወሰነ ዘመን ይከፍላል፤ ዘመኑ ሲደርስ ያድሳል፤ ካላደሰ ስሙ ለሌላ ይተርፋል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ሬጅስትራንት» የሚባለውን ሰው በአማርኛ «የስሙ ባለቤት» እያሉ መተርጐም አንባቢን ማሳሳት ነው። ትክክለኛው ቃል በገበሬው ደብተር ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ባለይዞታ።

ከባለይዞታው በላይ ሁለት ወገኖች አሉ። አንዱ መዝገቡን የሚጠብቀው «ሬጅስትሪ» ነው፤ ሁለተኛው በባለይዞታውና በመዝገብ ጠባቂው መካከል ቆሞ ምዝገባውን የሚያስፈጽመው «ሬጅስትራር» ነው። «ዶት ኮም» በሚባለው ስም መዝገብ ጠባቂው ቬሪሳይን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የእኛ አገር ስም «ዶት ኢቲ» ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ተሰጥቶ ዛሬ በኢትዮ ቴሌኮም ይጠበቃል። የንግድ ድርጅት በ«ኮም ዶት ኢቲ»፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ«ጎቭ ዶት ኢቲ»፣ የትምህርት ተቋም በ«ኢዲዩ ዶት ኢቲ» ሥር ይመዘገባል፤ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ስሙ የሚገኘው በዚሁ በመጨረሻው ሥር ነው።

እንግዲህ ይህን መዝገብ ለመጠየቅ የመጀመሪያው ሥርዓት የወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። «ሁ ኢዝ» ተባለ፤ ትርጓሜው «ማነው?» ማለት ነው። ኬን ሐረንስቲንና ቪክ ዋይት የጻፉት ይህ ሰነድ በቁጥር 812 ታወቀ። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ገና አርፓኔት የሚባል የአሜሪካ መከላከያ መረብ ነበር፤ መዝገቡም በመረቡ የሚሠሩትን ሰዎች ስም፣ አድራሻና ስልክ የያዘ ማውጫ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩና ስለሚተዋወቁ ስልክን በግልጽ መጻፍ ማንንም አላስፈራም። በ1985 ሰነዱ ታደሰ፤ በ2004 ደግሞ በሌስሊ ዴግል እጅ በቁጥር 3912 አጥሮና ተስተካክሎ ወጣ።

ይህ የ2004ቱ ሰነድ አንድ የሚያስመሰግን ጠባይ አለው፤ የራሱን ጉድለት አይሸሽግም። «ሁ ኢዝ» የሚያመጣው መልስ በየትኛው ፊደል እንደ ተጻፈ የሚያመለክትበት መንገድ እንደሌለው ይናገራል፤ ጠያቂውን ለይቶ የማወቂያና ምሥጢር የመጠበቂያ ኃይል እንደሌለውም ያምናል። መልሱም ልቅ ጽሑፍ ነው፤ አንዱ መዝገብ ቤት «የተመዘገበበት ቀን» ሲል ሌላው «የተፈጠረበት» ይላል፤ ሦስተኛው ጨርሶ ላይጽፈው ይችላል። ይህን ለማረም በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. «አርዳፕ» የሚባል አዲስ ሥርዓት ወጣ፤ ዋና ዋና ክፍሎቹም በ2021 በቁጥር 9082 እና 9083 ታድሰው ታተሙ። አርዳፕ እያንዳንዱን መልስ በየስሙ ከፋፍሎ ይሰጣል፤ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በሚይዘው በዩኒኮድ ይጽፋል፤ የግዕዝ ፊደልም ከ1999 ጀምሮ በዚያ ውስጥ አለ። አይካን የሚባለው የኢንተርኔት ስሞች አስተዳደርም ከጥር 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ«ዶት ኮም»ና የመሰሎቹ መዝገብ ጠባቂዎች አሮጌውን «ሁ ኢዝ» የማቅረብ ግዴታ እንዳይኖርባቸው አድርጓል።

እነዚህ ሰነዶች በሙሉ «አር ኤፍ ሲ» ይባላሉ። ቃሉ «አስተያየት እንዲሰጥበት የቀረበ» እንደ ማለት ነው። የዓለምን መገናኛ የያዘ ሕግ ራሱን እንዲህ በትሕትና ሲጠራ እኛ አስተያየት ለመስጠት የምናፍርበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ትርጓሜው እንግባ። የነዚህ ሰነዶች አጥንት ሦስት ቃላት ናቸው፤ «ማስት»፣ «ሹድ» እና «ሜይ»። በ1997 እ.ኤ.አ. ስኮት ብራድነር በቁጥር 2119 ትርጓሜያቸውን ወሰነ። «ማስት» የተባለው ያለ ማወላወል የሚፈጸም ነው። «ሹድ» የተባለው በቂ ምክንያት ያለው ሰው ሊተወው የሚችል ነው፤ ነገር ግን የመተዉን ውጤት አስቀድሞ መርምሮና መዝኖ መሆን አለበት። «ሜይ» የተባለው በፈቃድ የሚደረግ ነው። በ2017 ደግሞ ቁጥር 8174 አንድ ነገር ጨመረበት፤ ይህ ልዩ ትርጉም የሚሠራው ቃሉ በትልልቅ ፊደል ሲጻፍ ብቻ ነው አለ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ወደ አማርኛ መልሰው እስቲ! በመጀመሪያ ነገር የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ሀ» ሁልጊዜ «ሀ» ነው። በሁለተኛም ነገር «ሹድ»ን «ይገባል» ብንለው አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይከብዳል። ሽማግሌ ተነሥቶ «ይህ ይገባል» ካለ በቂ ምክንያት ፈልጎ ሊተወው የሚነሣ ማነው? «አለበት» ማለት በአዋጆቻችን የግዴታ ቃል ነውና ለ«ማስት» ይስማማል፤ «ይችላል» ደግሞ ለ«ሜይ» ይሆናል። ለመካከለኛው ግን የጸና ቃል የለንም። እኔ «ይመረጣል» የሚለውን አቀርባለሁ፤ የተሻለ ያለው ይተቸው። ዋናው ነገር አንድ ቃል ተመርጦ፣ በሰነዱ መግቢያ ላይ ተወስኖ፣ ከዚያ በኋላ በሌላ ትርጉም አለመጠቀም ነው። የአገራችን ሊቃውንት በአንድምታ ትምህርት አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ማፍታታት ለዘመናት ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ይህም ትልቅ ሀብት ነው። ማሽን ግን «አንድም» አያውቅም። ስለዚህ የኢንተርኔት ደንብ ተርጓሚ ሥራው የትርጓሜን በር መክፈት ሳይሆን በጥንቃቄ መዝጋት ነው።

ከደንቡ ወደ መዝገቡ ስንወርድ ስሕተቱ ወደ ኪስ ይደርሳል። ጥቂቶቹን ልቁጠር።

አንደኛ፤ መዝገቡ ስለ አንድ ስም «አክቲቭ» ብሎ ሲጽፍ ብዙ ሰው «ሕጋዊ ነው» ብሎ ይረዳዋል። በ2017 የወጣው ቁጥር 8056 እንደሚያስረዳው ግን ይህ ቃል በመዝገብ ጠባቂዎች ቋንቋ «ኦኬ» የሚባለው ነው፤ ትርጉሙም በስሙ ላይ የተንጠለጠለ ጉዳይ ወይም እገዳ የለም ማለት ብቻ ነው። ስለ ባለይዞታው ጠባይ አንዳች አይናገርም። የነፃ ትምህርት ዕድል አለ ብሎ የማመልከቻ ገንዘብ የሚሰበስብ አታላይ ስሙ «አክቲቭ» ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ «ኢንአክቲቭ» ማለት ስሙ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ስሙን ወደ ኮምፒዩተሩ የሚመራ አድራሻ ገና አልተያያዘም ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ «ክላየንት ትራንስፈር ፕሮሂቢትድ» የሚል ቃል ያየ ሰው «ፕሮሂቢትድ» የምትለዋን ይዞ «ይህ ስም ወንጀል ተገኝቶበት ታግዷል» ይላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ስሙ ያለ ባለይዞታው ፈቃድ ወደ ሌላ አስመዝጋቢ እንዳይዛወር የተደረገበት ቁልፍ ነው። በሩን የቆለፈን ሰው እንደ እስረኛ መቍጠር ነው።

ሦስተኛ፤ ቀንና ሰዓት። መዝገቡ ጊዜን የሚጽፈው በ2002 በወጣው በቁጥር 3339 ሥርዓት ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ ሰዓት፣ በመጨረሻም «ዜድ» የምትባል ፊደል። «ዜድ» የዓለም መነሻ ሰዓት ምልክት ናት። አንድ ስም የሚያበቃው 2026-09-11 በ06:00 «ዜድ» ነው እንበል። ይህ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ከጧቱ 3 ሰዓት ነው። «06:00» የሚለውን አይቶ «ስድስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ» ብሎ እኩለ ቀን የሚጠብቅ ሰው ሦስት ሰዓት ያረፍዳል፤ በዚያ ላይ ቀኑ እንቍጣጣሽ ነው። ደግነቱ በ«ዶት ኮም»ና በመሰሎቹ የማብቂያው ሰዓት ስላለፈ ስሙ ወዲያው አይጠፋም። አስመዝጋቢው ስሙን ሲሰርዘው «ሪደምፕሽን ፒሪየድ» የሚባል 30 ቀን ይከተላል፤ ቀድሞ የያዘው ሰው ተጨማሪ ከፍሎ ስሙን ሊዋጅ ይችላል። ከዚያ በኋላ 5 ቀን ለመሰረዝ ይቆያል፤ ከዚያም ስሙ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። «የመዋጃ ጊዜ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው መዝገቡን አይቶ «አለቀ» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል፤ ሊዋጀው በሚችልበት ቀን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

አራተኛ፤ «አልተገኘም» የሚል መልስ። ሥርዓቱ ጥያቄውን የሚያሟላ ነገር በመዝገቡ ከሌለ 404 የሚል ቍጥር እንዲመለስ ያዛል። ይህ ግን «ስሙ ነፃ ነው፤ ውሰደው» ማለት አይደለም። መዝገብ ጠባቂው ለማንም ላለመስጠት ለይቶ ያስቀመጠው ስም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጥያቄው ለማይመለከተው መዝገብ ቀርቦ ይሆናል። ዝምታ ሁሉ እሺታ አይደለም።

አምስተኛ፤ ባዶ ቦታ። በመዝገቡ የባለይዞታው ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ሁለት ምክንያት ይኖረዋል፤ ወይ ከመጀመሪያውም አልተሰጠም፤ ወይ ተሰጥቶ ተሸፍኗል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 9537 ይህን ለይቶ የማመልከቻ መንገድ አበጅቷል፤ የተሸፈነው ነገር ፈጽሞ ቢነሣም፣ ባዶ ቢደረግም፣ በከፊል ቢታይም፣ በሌላ ቢተካም መሸፈኑ ራሱ በመልሱ ውስጥ ሊገለጽ ይችላል። «አላውቅም» እና «አልናገርም» በሰው ፊት የተለያዩ እንደሆኑ ሁሉ በመዝገብም ፊት የተለያዩ ሆነዋል።

ወደ ስማችን ደግሞ እንምጣ። የእኛ ሰው ስሙና የአባቱ ስም አለው እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። የምዝገባ ቅጾች ግን «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» እያሉ ስለሚጠይቁ የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይጻፋል፤ ደብዳቤ ሲመጣም በአባታችን ስም እየተጠራን ነው። ብዙ ሰው ይህን የኢንተርኔት ደንብ ያዘዘው ይመስለዋል። ደንቡን ግን ከፍተን ብናነበው ሌላ ነገር እናገኛለን። አርዳፕ የሰውን አድራሻ የሚጽፍበት ሥርዓት የግድ የሚፈልገው ሙሉ ስሙን በአንድ መስመር ነው፤ ስምን በየክፍሉ መከፋፈል በፈቃድ የሚደረግ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የደንቡ ሳይሆን ደንቡን ሳያነቡ ቅጽ የሚያዘጋጁ ሰዎች ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ማንበብ ይበቃል።

የቦታ ስምስ? «ምዕራብ ዓባያ» ብለን በዓይኑ «ዕ»ና «ዓ» እንጽፋለን፤ ሌላው «ምእራብ አባያ» ይላል። የመጀመሪያውን ቃል በሁለት መንገድ፣ ሁለተኛውን በ«ዓ»፣ በ«ዐ»፣ በ«አ»ና በ«ኣ» ብንጽፈው ከአንድ አነጋገር ስምንት ጽሕፈት ይወጣል። ለጆሮ አንድ የሆነው ለማሽን ስምንት ስም ነው። ክፉ ሰው ከስምንቱ አንዱን አስመዝግቦ የወረዳውን ሕዝብ ሊያታልል ይችላል። ይህ ቅዠት አይደለም፤ የግዕዝ ፊደል በኢንተርኔት የበላይ ስሞች የፊደል ደንብ ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. ገብቷል፤ አርዳፕም የአንድን ስም የላቲን ጽሕፈትና የራሱን ፊደል ጽሕፈት ጎን ለጎን የሚይዝበት ቦታ አለው። በሩ ስለ ተከፈተ ማን እንደሚገባበት ማሰብ ያለብን እኛ ነን። የ«ሀ»፣ «ሐ»ና «ኀ»ን፣ የ«ሰ»ና «ሠ»ን ክርክር የአሮጌ መምህራን ጭቅጭቅ አድርገው የሚሳለቁ ጓደኞቻችን ይህን ልብ ይበሉ፤ ዛሬ ጉዳዩ የይዞታ ጉዳይ ሆኗል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፤ መዝገቡ ለሁሉ ክፍት ይሁን ወይስ ይሸፈን? በአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ከግንቦት 25 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል አይካን ከስምንት ቀን በፊት ጊዜያዊ ደንብ አውጥቶ የባለይዞታዎች ስም፣ ስልክና አድራሻ በአብዛኛው እንዲሸፈን ፈቀደ፤ በነሐሴ 2025ም ቋሚ ደንብ ተተካ። ከዚያ ወዲህ አታላዮችን የሚከታተሉ ሰዎች «ሌባው ተሸሸገ» ብለው ይጮኻሉ፤ የግል ሕይወት ተከራካሪዎች ደግሞ «ሰላማዊው ሰው ከአሳዳጅ ዳነ» ብለው ደስ ይላቸዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የእኔ አሳብ ይህ ነው። በጋሞ ምድር የሕዝብ ጉዳይ በዱቡሻ፣ በገሐድ፣ በሰው ፊት ይነገራል። የሕዝብ የሆነው ነገር በዱቡሻ ይነገር ማለት ግን የእያንዳንዱ ሰው ጓዳ ይከፈት ማለት አይደለም። እንደዚሁም ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ዕቃ የሚሸጥ፣ ወይም በሕዝብ ስም የሚናገር ድርጅት ስሙ በመዝገብ ላይ መታየት አለበት። የራሷን ግጥም ለማውጣት ስም ያስመዘገበች ልጅ ግን ስልኳና የቤቷ አድራሻ ለመንገደኛ ሁሉ ሊታይ አይገባም፤ ለእርሷ መልእክት የሚያደርስ መንገድ ቢኖር ይበቃል። የተመዘገበበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የስሙ ሁኔታና ምዝገባውን ያስፈጸመው ድርጅት ግን በማንም ላይ አይሸፈን። ሃያ ዓመት አገለገልኩ የሚል ድርጅት ስሙ ባለፈው ወር የተመዘገበ መሆኑን ማንም ተራ ሰው ማየት መቻል አለበት፤ ምንም እንኳ አንድ ስም ተለቅቆ እንደገና ሊያዝ ስለሚችል ቀኑ ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ ባይሆንም።

«የኢንተርኔት ደንብ ይህን ያዛል» ወይም «አይፈቅድም» ብሎ ከዚህ ጥያቄ ማምለጥ አይቻልም። ደንቡን አጥብቆ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ትልቁ ነገር ይህ ነውና። አርዳፕ እንዴት እንደሚጠየቅና እንዴት እንደሚመለስ ይደነግጋል እንጂ ምን ይገለጥ፣ ምን ይሸፈን ብሎ አይደነግግም። ያ የፖሊሲ ሥራ ነው። አይካን የሚያዘው «ዶት ኮም»ንና መሰሎቹን ነው፤ «ዶት ኢቲ»ን የመሳሰሉት የአገር ስሞች የየራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ። ጆን ፖስተል በመጋቢት 1994 እ.ኤ.አ. በቁጥር 1591 የአገር ስም ጠባቂ ባለአደራ መሆኑን፣ አደራውም ለአገሩ ሕዝብና ለዓለም የኢንተርኔት ማኅበረሰብ መሆኑን ጽፏል። የኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እንግዲህ አደራውም ሕጉም በእጃችን ነው፤ የቀረው በአማርኛ ቁጭ ብሎ መወሰን ነው።

ይህ ለከተማ ሰው ብቻ የሚጠቅም ነገር የሚመስለው ቢኖር አንድ ምሳሌ ልስጠው። በብርብር ያሉ ሙዝ አምራቾች ማኅበር አቋቁመው ሙዛቸውን ያለ ደላላ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ለመሸጥ የኢንተርኔት ስም ለመያዝ ተነሡ እንበል። ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ ሰው «እኔ ላስመዝግብላችሁ» ብሎ ገንዘባቸውን ይቀበላል፤ ስሙንም ያስመዘግባል፤ ነገር ግን በባለይዞታው ቦታ ላይ የራሱን ስም ይጽፋል። ምናልባት በክፋት አይደለም፤ ቅጹ ቶሎ እንዲያልቅለት ነው። ሁለት ዓመት ንግዱ ደህና ይሄዳል። በሦስተኛው ዓመት ሰውየው ሌላ አገር ይሄዳል፤ ወይም «ስሙ የእኔ ነው፤ ግዙኝ» ይላል። በመዝገቡ ፊት እውነቱ ምንድን ነው? ባለይዞታው እርሱ ነው። ማኅበሩ ከደላላ ሸሽቶ ደላላ ቤት ገባ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ከማኅበሩ አንድ ሰው መዝገቡን ጠይቆ፣ ባለይዞታ በሚለው ቦታ ማን እንደ ተጻፈ አይቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ይቃና ነበር። መሬቱን ሲለኩለት ደብተሩ በማን ስም እንደ ተጻፈ ሳያይ የሚመለስ ገበሬ የለም። በኢንተርኔት ስም ላይ ይህን ጥንቃቄ ያሳጣው ቋንቋው ነው።

«እንግሊዝኛ ይማሩ» የሚል መልስ የሚሰጡ አሉ። እንግሊዝኛ መማር መልካም ነው፤ ነገር ግን ከላይ እንዳየነው እንግሊዝኛ የሚያውቀውም ሰው «አክቲቭ»ንና «ፕሮሂቢትድ»ን አሳስቶ ያነባል። ችግሩ የቃል ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የትርጓሜ ዕውቀት ነው። የገበሬውስ የይዞታ ደብተር በባዕድ ቋንቋ ቢጻፍለት «ሂድ ተማር» እንለው ነበርን?

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። መጀመሪያ፤ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ከቴክኖሎጂ ተማሪዎች ጋር ሆነን የስም መዝገቡን ቃላት፣ የሁኔታ ምልክቶቹን ሁሉና ሦስቱን የግዴታ ቃላት በአማርኛ እንወስን፤ ከዚያም በጋሞኛ እንዲጻፍ ቋንቋውን የሚያውቁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይርዱን። ሁለት፤ የተማሪዎች ማኅበር ይህን በአንድ ቀጭን መጽሔት አባዝቶ በዕረፍት ወደየወረዳችን ስንመለስ ይዘነው እንድንሄድ ያድርግ። ሦስት፤ የአገራችንን ስም የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ከመዝገቡ ምን እንደሚገልጥ፣ ምን እንደሚሸፍንና በምን ምክንያት እንደሚሸፍን በአማርኛ ጽፎ ለሕዝብ እንዲያወጣና ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት በማኅበራችን በኩል በጨዋ ደንብ እንጠይቅ።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥቂት ትጉህ አንባቢዎችን ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሕዝብ ገንዘብ የሚማረው ሕዝብ ያላነበበውን አንብቦ እንዲነግረው ነው፤ ሌላ ዕዳ የለበትም፤ ይህ ግን ዕዳ ነው። መዝገቡ «ማነው?» እያለ በየቀኑ ይጠየቃል። መልሱን በትክክል የሚያነብልን ሰው እስክናፈራ ድረስ በገዛ ስማችን ላይ እንግዶች ሆነን እንኖራለን።

አንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ